የአሮጊቷ ደብተር

የሟቹ ልጅ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች።

"እማዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዙሪኝ፣ የአባዬን ፎ..." እያለች ነበር። ፎቶግራፉን ለማለት ነው። መደርደሪያው ላይ በቆመው ታብሌት ውስጥ የሆስፒታሉ ነጭ ትራስ፣ ግማሽ የተከደነው ዓይኗና ያልጨረሰችው ቃል ባሉበት ቆሙ። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ አንገቱን አሰገገ። እናቷ ታብሌቱን አንሥታ ነቀነቀችው፤ ቀጥላም ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ምንም የለም።

የቀብሩ ማግስት ጠዋት ነበር። ልጅቷ ሌላ ከተማ ናት፤ አባቷ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው በቀዶ ሕክምና ወልዳለች። ሐኪሞቹ እንኳን መንገድ ልትሄድ ከአልጋ እንድትወርድም አልፈቀዱላትም። ስለዚህ አባቷን የምታለቅሰው በዚህች ታብሌት ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እናቷን ያቅፋል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለታብሌቱ "እግዜር ያጽናሽ" ይላል። ትናንት ያፍሩ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ለምዶታል።

"ምን ሆነች?" አለች እናትየው። "አሁን ደኅና አልነበረችም?"

"ኢንተርኔቱ ነው የሄደው" አለ አንዱ ስልኩን እያየ።

ከኮሪደሩ በኩል ጎረቤታቸው ቲቸር ብቅ አለች። ጡረታ ከወጣች አሥር ዓመት ቢሆናትም ሰፈሩ ዛሬም ቲቸር ነው የሚላት፤ እሷም ዛሬም ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ ታዛለች። ለቅሶው ከትናንት ጀምሮ በእሷ እጅ ነው። ከየቤቱ የመጣውን ወንበር፣ ብርጭቆና ቴርሞስ አንድም ሳይቀራት አንድ የቆየ ደብተር ላይ መዝግባለች።

"ምንድነው እንዲህ የምታዩኝ?" አለች። "ለሻይ ውኃ ላፈላ ሶኬት አጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን አንዱን ነቅዬ የራሴን ሰካሁ። ወንጀል ነው?"

የልጅቷ እናት፣ የሟቹ ሚስት፣ ራሷን ያዘች። "ቲቸር! አሮጊቷን ነቀልሻት!"

"የምን አሮጊት?"

ሚስትየው ዞር ብላ በሩ ሥር፣ ጫማ በሚወልቅበት ቦታ፣ እንደ ባዳ በአንድ ጎኑ የተቀመጠውን የባሏን ታናሽ ወንድም አየችው። "ግባና እያት" አለችው። "ከእሱ ሌላ የሚያውቃት አንተ ብቻ ነህ።"

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ይሄኛው ጸጥታ የኢንተርኔት አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር ያውቃል።

ታናሽየው በዚያ ኮሪደር ካለፈ አራት ዓመቱ ነው። የሚኖረው ሩቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። የሚኖረው ግን እዚሁ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል። አራት ዓመት ሙሉ ታላቁ ሲያስነጥስ ሰምቷል፤ አንድ ቀን "ይማርህ" አላለውም።

ትናንት መቃብር ላይ ሁሉም ሲያለቅስ እሱ አላለቀሰም። ልቡ ደንድኖ አይደለም። አንድ ጥያቄ ይዞት ነው፦ ቂሙን ይዞብኝ ነው የሄደው? ይህን ሳያውቅ ማልቀስ የማስመሰል ያህል ሆነበት። ጥያቄውን የሚመልስለት ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አፈር ተመልሶበታል።

ተነሣ። ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፈው።

አሮጊቷ ኮምፒውተር ናት። ታላቅየው ከሃያ ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ሊጥሏት ሲሉ ለምኖ ያመጣት፣ ጥግ ጥጓ ቢጫ የሆነ፣ ከባድ ሣጥን። ያን ጊዜ ታናሽየው ትምህርት ቤት ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት የሚውል ጎረምሳ ነበር። እናታቸውም በሕይወት ነበረች። "ይሄን ቆሻሻ ከቤቴ አውጡልኝ" አለች፤ ማንም አልሰማትም። ታላቅየው ዩኒክስ የሚባለውን ሲስተም ሊጭንባት ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ሰካባት፤ አንዱ ካርድ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ቤት። ለቤቱ የገባው የኢንተርኔት መስመር አንድ ብቻ ነው፤ እሷ በአንዱ ካርድ ተቀብላ በሌላው ለየክፍሉ ታድላለች። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ የትኛው ክፍል ያግኝ፣ የትኛው ይከልከል፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚያልፈው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ሠራች። ሁለቱ ወንድማማቾች በደስታ የሚያዩት ቢያጡ የማያውቁትን ከተማ የአየር ጠባይ ከፍተው አነበቡ። እናታቸው ከጀርባ ቆማ አየች። "እዚያ ዘነበ አልዘነበ ለማወቅ ነው ሦስት ቅዳሜ?" አለች። ታላቅየው ከት ብሎ ሳቀ። ታናሽየው ያንን ሳቅ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ሙያውን የተማረው በእሷ ላይ ነው። ታላቁ ከጎኑ ይቀመጥና ያሳየዋል፣ ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ "በል አንተ" ይለዋል። አንድ ነገር ብቻ ሊገባው አልቻለም፤ ወይም ገብቶት ልቡ ውስጥ አልቀመጥ አለው። ታላቁ ሳይሰለች ይደጋግመው ነበር።

"ስማኝ። በእጅህ የምትሰጣት ትእዛዝ የሚቆየው መብራት እስኪጠፋ ብቻ ነው። ስትነሣ አታስታውሰውም። እንዲጸና ከፈለግህ ፋይሏ ላይ ጻፈው፤ በተነሣች ቁጥር እሱን ነው የምታነበው። ፋይሏ ላይ ከጻፍክ ደግሞ ደብተር ላይም ጻፍ። እሷ ብትሞት እኛ እናውቀዋለን።"

"እኛ ብንሞትስ?" አለው ታናሽየው ሲያበሽቀው።

"አንተ ገና ምንም ሳትጽፍ ሞት አይወስድህም፣ አትስጋ" አለው ታላቁ።

ታላቁ የነካውን ሁሉ ይጽፋል። መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ስሙን ትተው "ደብተሩ" ነበር የሚሉት።

ቁም ሣጥኑ ክፍት ነበር። ታናሽየው የቲቸርን ማፍያ ነቅሎ አሮጊቷን ሰካት። ከላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ስክሪን አቧራ በክንዱ ጠረገና አበራት። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ ባዶ ምስማር ነበረች፤ አያት እንጂ ልብ አላላትም። ከምስማሯ ላይ የተቆረጠ ክር ተንጠልጥሏል።

ነጫጭ ፊደሎች ጥቁሩ ስክሪን ላይ መፍሰስ ጀመሩ፤ ከዚያ ቆሙ። አሮጊቷ በድንገት ስለተነቀለች ዲስኳ ተዛብቶባታል፤ በእጅ ካልታየልኝ አልነሣም አለች። ታናሽየው ኪቦርዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ትእዛዙን ሰጠ። ይህን ላስተካክል? አዎ። ይህንንስ? አዎ። ይህን የጠፋ ቁራጭ ላኑረው? አዎ። ጥያቄ አበዛች። ሁሉንም በትዕግሥት አዎ አላት፤ በእሷ ላይ ለመነጫነጭ የተፈቀደለት አንድ ሰው ነበር፣ እሱም የለም።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ተነሣች።

"እማዬ? አያችሁኝ?" የልጅቷ ድምፅ ከሳሎን መጣ። "ተመስገን" ተባለ፤ ወንበሮች ተንኳኩ።

"ማነው የሠራላችሁ?"

"አጎትሽ" አለች እናትየው።

ታብሌቱ ዝም አለ። ታናሽየው ኢንተርኔቱ ተመልሶ የሄደ መሰለው።

"አጎቴ ቤት ገባ?" አለች ልጅቷ።

ኮሪደሩ ውስጥ የቆመው ሰው ግንባሩን ቁም ሣጥኑ ላይ አስደገፈ። መውጣት ይችል ነበር። ሥራው አልቋል፣ ሰው ይጠብቀዋል። ጣቶቹ ግን የሚያውቁትን መንገድ ሄዱ፤ የማይጠየቅ የመሰለውን ጥያቄ የሚጠይቁት አንድ ነገር አግኝተዋል። አሮጊቷ በተነሣች ቁጥር የምታነበውን ፋይል ከፈተ።

ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ትእዛዝ በተራ ተደርድሯል። ሳሎን፣ ይለፍ። መኝታ ቤት፣ ይለፍ። የልጅ ክፍል፣ ይለፍ። ከዚያ የራሱን ኮምፒውተር ቁጥር አገኘ። ያቺ ስክሪን የኛን ፊደል ስለማታውቅ ታላቅየው ማስታወሻውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ ሲነበብ ግን የራሱ ድምፅ ነው፦ "የኋላ ክፍል። ታናሽ። ዝግ።"

ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ቀን አየ። የተጣሉበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ማንም አልነካውም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ታላቅየው ነገርን የሚጽፈው እንዲጸና ነው። ጽፎታል፤ ጸንቷል፤ ይዞት ሄዷል። ታናሽየው ስክሪኑን አጠፋና ወደ ሳሎን ተመልሶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሚስትየው በዓይኗ አመሰገነችው። አንገቱን ደፋ።

ጥፋቱ የእሱ ነበር። ይህን ክዶ አያውቅም፤ ተናግሮም አያውቅም እንጂ።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ፎቶግራፎቿንና ድምፅዋን ታላቅየው አሮጊቷ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ድምፅዋ ብዙ ነበር፤ ስትቆጣ፣ ስትመርቅ፣ የጎረቤት ሐሜት ስታወራ፣ ስልክ ማናገር አልችል ብላ ስትጮህ። አንድ ሳምንት ታናሽየው ከሥራ ቦታው ሆኖ ቤት ያለውን ኮምፒውተሩን ማግኘት ፈለገና አሮጊቷ ላይ ከውጭ የሚያስገባ መንገድ ከፈተ። ለሁለት ቀን ብሎ ነው። ያን ጊዜ ብቻ፣ በዕድሜው ለአንድ ጊዜ፣ ፋይሏ ላይ ጻፈው፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይስተጓጎል። ደብተር ላይ ግን አልጻፈም። ረሳው። ከወር በኋላ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው፣ ከየት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ በዚያው መንገድ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ደመሰሰ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ድምፅ አልቀረም።

ታላቅየው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሞ በዝግታ፣ "እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርካት" አለው።

ታናሽየው ይቅርታ ሊል ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። እናታቸው ስትታመም ሁለት ዓመት ያጠባት፣ ያጎረሳት እሱ ነው፤ ታላቅየው ሥራ ሥራ ሲል እሁድ እሁድ ብቻ ነበር አጠገቧ የሚቀመጠው። "በሕይወቷ ሳትሰማት ድምፅዋ ምን ያደርግልሃል?" አለው።

ታላቅየው ኪቦርዱን ሳበ። ታናሽየው ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ኬብሉን ነቀለ፣ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ወረወረው፣ በነጋታው ከሌላ ቦታ የራሱን ኢንተርኔት አስገባ። አንዱ "ይጠይቀኝ" ብሎ፣ ሌላው "ይጥራኝ" ብሎ አራት ዓመት ሆነ። ሰው ሞት መኖሩን እያወቀ እንዴት እንዲህ ይኮራረፋል ይባላል፤ ይኮራረፋል።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ባልደረቦች መጡ። አንዱ፣ ከታላቅየው ጋር አሥራ አምስት ዓመት አንድ ክፍል የሠራ ወፍራም ሰውዬ፣ ቡና በፕላስቲክ ኩባያ ይዞ ታናሽየው አጠገብ ያለችውን ወንበር አስጨነቃት።

"ማሽን ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኘሁት" አለ። "እያንቀላፋ መስሎኝ 'ደብተሩ፣ ተነሥ፣ አለቃ መጣ' አልኩት። ጭኑ ላይ ወረቀት ነበር። እየጻፈ ነው የሄደው።" ዓይኑን በአይበሉባው ጠረገ። "ጎረቤት ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ።"

ሰውዬው ዞሮ አየው። አፍንጫቸው አንድ ነው። "ወንድም እንዳለው..." አለና ዓረፍተ ነገሩን ከቡናው ጋር ዋጠው። "ያጽናህ" አለ ቀጥሎ።

ከጀርባው ሁለት ሴቶች ሹክ ይባባላሉ። ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይሰማል።

"እሱ ነው?"

"እሱ ነው። ባንድ ግቢ አራት ዓመት አልተነጋገሩም።"

"አሁን ምን ሊሠራ መጣ?"

"ሊቀመጥ ነዋ።"

ተቀመጠ። የሚሄድበት አልነበረውም። ከዚህ ቢነሣ የሚሄደው ወደ ኋላ ክፍል ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሳሎኑ ይሰማል፤ ከሳሎኑም ከእንግዲህ የሚያስነጥስ የለም። አሥራ አምስት ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ወንድም እንዳለው አያውቅም። ከፋይሉም ከሰውየውም የሰማው አንድ ነገር ነው። አልጠላኝም ነበር ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ሆዱ አልተቀበለውም።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሳሳ። ጠዋት የመጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ስለ ዋጋ ንረትና ስለ መንገድ ሥራ ማውራት ጀምረዋል። ልጅቷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ ታብሌቱ ውስጥ ታንቀላፋለች። ቲቸር ወንበር የመመለሻ ቀን ነው ብላ አውጃለች።

"አንተ" አለች ታናሽየውን። "ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ና እርዳኝ። መነጽሬን ሰው ቤት ረሳሁት። እኔ እየቆጠርኩ እለጥፋለሁ፣ አንተ ከማን ስንት እንደመጣ አንብብልኝ።"

ደብተሩን ሰጠችው። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ አነበበላት፤ ከፋርማሲስቱ ቤት ስምንት፣ ከልብስ ሰፊዋ ስድስት፣ ከማዕዘኑ ቤት አራት ዱካ። ቲቸር ከወንበሮቹ ጀርባ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፈች ትሄዳለች። ከደብተሩ ጀርባ ላይ የተቆረጠ ክር ተንጠልጥሎ ጣቱን ይነካዋል። ጫፉ ላይ የእርሳስ ቁራጭ ታስሯል።

"ይሄን ደብተር ከየት አመጡት?" አላት።

"ከዚያ ከመከረኛ ቁም ሣጥናችሁ። ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የሚጻፍበት ቢጠፋ ከኋላው ጀመርኩ፤ የፊቱን አልነካሁም። ምነው፣ ይፈለግ ነበር?"

ወደ ፊት ገጹ ገለበጠው። ያቺ ወደ ቀኝ ያዘመመች፣ ፊደሏ ሁሉ እኩል የሆነ የታላቁ ጽሕፈት ናት። ቀን፣ ነጥብ፣ የተሠራው ሥራ። ካርድ ተቀየረ። ማራገቢያ ተጠረገ። ገለበጠ፣ ገለበጠ፣ እስከዚያች ቀን ደረሰ።

"ሁሉም ጠፋ። የውጭው መንገድ ተዘጋ። የኋላ ክፍል ተዘጋ፤ ፋይል ላይ ተጽፏል።"

ከሥሯ የማግስቱ ቀን አለ።

"የኋላ ክፍል ተከፈተ። በእጅ ብቻ። ፋይሉ አልተነካም። ሲጠይቅ ይጻፋል።"

ታናሽየው መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አነበበ።

"መብራት ሄደ። ተነሣች። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ።"

በሳምንቱ ደግሞ፦ "መብራት ሄደ። ተነሣች። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ።"

"ዲስክ ተቀየረ። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ።"

"ታምሜ ሁለት ቀን ዘገየሁ። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ።"

"ዓመት ሆነ። አልጠየቀም።"

"መብራት ሄደ። ተነሣች። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ።"

ገጽ ሞላ፣ ሌላ ገጽ ሞላ። መብራት በጠፋ ቁጥር አሮጊቷ ፋይሏን እያነበበች በታናሹ ላይ ትዘጋለች፤ መብራት በመጣ ቁጥር ታላቁ እየሄደ ይከፍታል። ኩራቱን ፋይሉ ላይ እንደተጻፈ ተወው፤ ወንድሙን ግን አንድ ቀን ዘግቶበት አላደረም፣ ከታመመባት ከዚያች ጊዜ በቀር። አርባ አንድ ጊዜ ነው። ታናሽየው በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። የመጨረሻዋ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጁ በወለደች ዕለት የተጻፈች ናት።

"መብራት ሄደ። ተነሣች። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ። አያት ሆንኩ። ቢጠይቅ እነግረው ነበር።"

"ከማዕዘኑ ቤት አራት ብለሃል" አለች ቲቸር ከወዲያ ማዶ። "ሦስት ነው የማየው። አንተ? ምን አየህ? ብርጭቆም ጎደለ እንዴ?"

ደብተሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ የለቅሶ ድምፁ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብሎ የጠበቀ የለም። ስለ መንገድ ሥራ የሚያወሩት ዝም አሉ። ታብሌቱ ውስጥ ልጅቷ ነቃች። ሚስትየው ከጓዳ እጇን እንደረጠበ ሮጣ መጣችና ደብተሩን አየች።

"አንብቢው" አላት።

ቆማ አነበበች። ስትጨርስ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"መብራት በመጣ ቁጥር ምሳውን ጥሎ ይነሣ ነበር" አለች። "'ምን ረሳህ?' ስለው 'የኋላውን ክፍል ልይ' ይለኛል። የጓሮ መብራት ሊያጠፋ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።" ወደ እሱ ዞረች። "አንተስ? አንድ ቀን እንኳ ሞክረህ አታውቅም?"

"ዝግ ነው ብዬ።"

"በአራት ዓመት አንድ ቀን?"

"ኬብሉ አልጋዬ ሥር ነው፣ እትዬ። እንደጠቀለልኩት።"

ሚስትየው እንዳትቆጣው አዝናለታለች፤ እንዳታጽናናው ተናዳበታለች። እጁን ግን ያዘች፤ አልለቀቀችም። ቲቸር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምናልባት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ወንበሩ ነገ ይመለሳል" አለች።

ከምሳ በኋላ ታናሽየው ወደ ክፍሉ ሄደ። አልጋው ሥር ገብቶ ኬብሉን አወጣ፤ አቧራውን በካልሲ ጠረገ፣ ፈታው፣ ከግድግዳውና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። አሮጊቷ ትናንት ተነቅላለች፤ ፋይሏንም እንደገና አንብባለች። ስለዚህ ዛሬ በእርግጥ ዝግ ነው። ሞከረ፤ ዝግ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በሩ በትክክል የተዘጋበትን ቀን መርጦ ነው የሞከረው።

ወደ ዋናው ቤት ተመልሶ ኮሪደሩ ላይ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆመ። ስክሪኑን አበራ። ፋይሉን ከፈተና ያቺን መስመር አገኛት፦ የኋላ ክፍል፣ ታናሽ፣ ዝግ። አንዲት መስመር ማጥፋት ነው፤ የልጅ ሥራ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ።

ሲጠይቅ ይጻፋል ብሏል።

ጣቱን አነሣ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ቲቸር ለታብሌቱ ሕፃን እንዴት እንደሚጠቀለል ታስረዳለች።

"ጋሼ" አለ። ይህን ስም ከጠራ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ሻክሮ ወጣ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ክፈትልኝ።"

ጠበቀ። አንድ ሰው ከሳሎን ወንበሩ ተነሥቶ፣ ጫማውን ፈልጎ፣ በኮሪደሩ እስኪመጣ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀ። የአሮጊቷ ማራገቢያ ይንሾካሾካል። ማንም አልመጣም።

ፋይሉን ሳይነካ ዘጋው። ሊጽፍ የሚገባው ሰው የለም፤ የሌላ ሰው እጅ ሊጽፈው ደግሞ አይገባም። ከዚያ ታላቁ አርባ አንድ ጊዜ የሰጣትን ትእዛዝ በእጁ ሰጣት። መብራት እስኪጠፋ ይቆያል። ሲጠፋ እሱ እንደገና ይመጣል፤ ዕድሜ እስከሰጠው ድረስ ሌላ ሥራ የለበትም።

"ጨረስክ?" አለችው ሚስትየው በኮሪደሩ ጫፍ ቆማ።

"ለዛሬ" አላት።

ደብተሩን መዝጊያው ላይ አስደግፎ ከታላቁ የመጨረሻ መስመር ሥር ቀኑን ጻፈ። ፊደሎቹን እኩል ለማድረግ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ተነቅላ ነበር። ተነሣች። የኋላ ክፍል በእጅ ተከፈተ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ እርሳሱን እንደያዘ ትንሽ ቆመና "ጠየቀ" የምትል አንዲት ቃል ጨመረ። ከዚያ የተቆረጠውን ክር ቋጠረና ደብተሩን ምስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።